በአገልግል የተሰቀለ ስልክ

አቶ ፀጋው የሞቱት ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ነው። በሩ ሲከፈት አልሰሙም። የጣውላው ወለል ሲንቋቋ አልሰሙም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ከኋላቸው የመጣውን ኮቴ ሳይሰሙት ቀሩ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወራ ሰው እንኳ ሳያስበው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል።

ኢንስፔክተር ደጊቱ የተጠራችው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። እንጅባራን ጉም ውጧት ነበር፤ ከማለዳ የጀመረው የሰኔ ዝናብም አላባራም። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበችው ቤት ደጃፍ ላይ ጎረቤቱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር የለም። ከውስጥ የሟቹ ታላቅ እህት ወይዘሮ ያለምወርቅ በአገውኛ ያለቅሳሉ። ደጊቱ አገውኛ በሚነገርባት ጥሊሊ ተወልዳ ያደገች ናትና እያንዳንዱ ቃል ገባት።

አቶ ፀጋው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የአዊን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ትዝታ በድምፅ እየቀረጹ፣ እያንዳንዱን ቃል መልሰው መላልሰው እየሰሙ፣ ወደ አማርኛ ይተረጉሙ ነበር። የሥራ ክፍላቸው መስኮት የለውም። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳውን በሙሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍነውታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ቢጮህ ጎረቤት አይሰማም። ደጊቱ በሩን ዘግታ ለጥቂት ጊዜ ቆመችና የራሷን ትንፋሽ ስትሰማ ደስ አላላትም፤ መልሳ ከፈተችው።

አቶ ፀጋው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። ኮምፒዩተሩ እንደበራ ነው። ከወንበሩ ሥር የማይክሮፎን ማቆሚያ የነበረ ከባድ ብረት ወድቋል።

«በዚህ ነው የተመቱት» አለ ረዳቷ ኮንስታብል ይሄነው። «ጠርገውታል፤ አሻራ የሚባል ነገር የለም።»

ከጤና ጣቢያ የመጣው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ራሱን ነቀነቀ። «አስከሬኑ መገተር ጀምሯል። ከጠዋት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ክፍሉ ብርድ ነው፣ ቁርጥ ያለ ሰዓት ልነግርሽ አልችልም።»

«ሰዓቱንማ እናውቀዋለን» አለ ይሄነው። «ቤዛዊት፣ እስኪ አሳያት።»

ቤዛዊት ሁለት ዓመት ሙሉ የአቶ ፀጋውን ትርጉም በኮምፒዩተር ስትጽፍ የቆየች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስልኳን ዘረጋች። ልክ በስድስት ሰዓት ከአቶ ፀጋው የመጣ መልእክት ነው፦ «ደርበው መጥቶ እየጮኸብኝ ነው። ፈርቻለሁ። ቶሎ ድረሽ።»

«ፈተና ላይ ነበርኩ» አለች ቤዛዊት፣ እንባዋ እየቀደማት። «ስልካችንን በር ላይ ነው የሚሰበስቡን። ስወጣ አየሁት። እትዬ ያለምወርቅን ጠራሁ፣ መሳፍንትን መንገድ ላይ አገኘነው፣ ሦስታችን ሮጠን መጣን። ቀድሞ የገባው መሳፍንት ነው። ቀድሜ ባየው ኖሮ እኮ ጋሽ ፀጋው…»

ደርበው የወይዘሮ ያለምወርቅ ልጅ ነው፤ አጎቱ ቤት ያደገ፣ ከፋሲካ ወዲህ ዳንግላ ፎቶ ቤት ሥራ ይዞ የሄደ። ፖሊስ ዘንገና ሐይቅ ዳር ብቻውን ተቀምጦ፣ በዝናብ በስብሶ አገኘው። ማንም አላየኝም፣ ማንንም አላየሁም አለ። ይኼው ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ ከተማው ፈርዶበት ጨርሷል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ደጊቱ ግን እዚያው የሥራ ክፍል ውስጥ ሆና ግድግዳው ላይ ዓይኗን ጣለች። ከብርድ ልብሱ መሐል፣ ምስማር ላይ፣ ቆዳው በእርጅና የጠቆረ አገልግል ተሰቅሏል። ቀረብ ብላ ወይዘሮ ያለምወርቅን በአገውኛ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ አገልግል የሥራ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የስልኩ ቤት ናት፣ ልጄ» አሉ እሳቸውም በአገውኛ። «ጠዋት ጸሎቱን ሲያደርስ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይከታታል፣ ጠፍሩን ያስርና ይሰቅላታል። ‹ስልክ እጄ ላይ ካለ ቀኑ ሳላውቀው ይመሻል› ይል ነበር። ሚስጥር ቁጥር እንኳ የለውም፤ ‹ቁልፉ አገልግሉ ነው› ይላል።»

የደጊቱ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ለወትሮው ቶሎ ብላ ታወጣው ነበር፤ አሁን አፍራ ተወችው።

«በስንት ሰዓት ነው የሚያወርደው?»

«ስድስት ሰዓት። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እሱ እስኪበላ ስልኩም አይበላም። የሰኔውን ጾም ለካህናቱ ትቶት ነበር፤ ረቡዕና ዓርብን ግን በስልኩም በሆዱም ይጾማል። እኛም ለምደነው በእነዚያ ቀናት አንደውልለትም።» ድንገት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ዛሬማ ጨንቆት ነው ያወረደው። የእኔን ልጅ ሲያይ ጨንቆት! ትናንት እኮ ‹ነገ ልጄ ለመታረቅ ይመጣል› ብዬ ለሁሉም ነግሬ ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«ስልኩን ከየት አገኛችሁት?»

«ከዚያችው። መሳፍንት ነው አውጥቶ የሰጠን።»

ስልኩ ደርበው ዳንግላ በልኩ ያሰፋለት የቆዳ ከቨር ለብሷል፤ ቀይ ቆዳ፣ በነጭ ክር የተሰፋ። ደጊቱ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ረጥቧል። አገልግሉን አወረደችና የስልኩን መጠቅለያ ጨርቅ ዳሰሰች፤ እሱም ረጥቧል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አንድም የሚያፈስ ቦታ የለም። ምንም ሳትናገር ስልኩንም ጨርቁንም በየፌስታሉ አስገብታ አሰረችው።

መሳፍንት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሁለት ስልኮች ጉልበቱ ላይ ናቸው። አነጋገሩ ለስላሳ፣ ጫማው ንጹሕ፣ ዩቲዩብ ላይ ብዙ ተመልካች ያለው ወጣት ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከባሕር ዳር መጥቶ ከአቶ ፀጋው ጋር ሥራ ጀመረ፤ እሳቸው ባልቴቶቹን ሲያናግሩ እሱ ይቀርጻል።

«አገውኛ ትሰማለህ?»

«ኧረ እኔ! አንድ ቃል አልሰማም። የድምፁን ጥራት እጠብቃለሁ እንጂ የሚሉትን ጋሽ ፀጋው ናቸው የሚያውቁት።»

«የሥራ ልማዳቸው እንዴት ነበር?»

«ሰዓት ማለት እሳቸው ናቸው!» አለ መሳፍንት ፈጠን ብሎ። «ስድስት ሰዓት ሲሆን አገልግሉ ይወርዳል፣ ለሁላችንም መልስ ይልካሉ። ሰኞ ይበሉ ረቡዕ፣ ዓርብ ይበሉ እሁድ፣ አንድ ቀን ሲያዛንፉ አላየሁም። ዛሬም ይኼው፣ በሰዓታቸው መልእክት ላኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ማንም አልደረሰላቸውም!»

ደጊቱ አንገቷን እንዳቀረቀረች ማስታወሻዋን ጻፈች። «አንተስ በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ወጣቶች አዳራሽ፣ የቪዲዮ ቅንብር ሥልጠና እየሰጠሁ። በቀጥታ ነው የተላለፈው፤ እስካሁን ገጼ ላይ አለ፣ ይመልከቱት። እኔ ካልቀረጽኩት ቀኑን የኖርኩት አይመስለኝም።» ፈገግ አለና አስከሬኑ ትዝ ሲለው ፈገግታውን ሰበሰበ። ደጊቱ ያ ፈገግታ አላማራትም።

ደርበውን ያነጋገረችው በማግስቱ ጣቢያ ውስጥ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት አብጧል፤ ልብሱ አልደረቀም።

«ሰኞ ዕለት በስልክ ተጣላን» አለ። «አጎቴ ያናገራቸው የእማማ ሸጋ ድምፅ አንድ ስም የለሽ የዩቲዩብ ገጽ ላይ ወጣ። ‹በሕይወቴ እያለሁ አይውጣ› ብለው አጎቴን ያስማሉበት ድምፅ ነው! አጎቴ የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል የምታውቀው አንተ ነህ አለኝ። አላወጣሁም አልኩት። አላመነኝም። ጮህኩበት፣ የማይባል ነገር ተናገርኩ። ያሳደገኝን ሰው!»

«ከዚያስ?»

«ረቡዕ ልታረቀው መጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩለት፤ ‹ድምፁን እኔ አላወጣሁም፣ ስለጮህኩብህ ግን ይቅር በለኝ› አልኩት። እንጅባራ ስደርስ ፊቱን ማየት አቃተኝ። በባጃጅ ቤቱን አልፌ ዘንገና ወረድኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መልእክቱ ተሰምቷል። ሲሰማ ምልክቱ ይታያል እኮ።» እዚህ ላይ ፊቱ በራ፤ እስር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን ማየት ያስጨንቃል። «ረቡዕ ነው፣ ኢንስፔክተር! አጎቴ በጾም ቀን ስልኩን ለማንም ብሎ አያወርድም። ለእኔ አወረደ። መልስ እስኪልክልኝ እዚያው ስጠብቅ ፖሊሶቹ መጡ። እንግዲህ ይፍረዱብኝ፤ ይቅርታዬን ሰምቶ ነው የሞተው። እሱ ይበቃኛል።»

ደጊቱ ማስታወሻዋን አጠፈች። የምታስበው ነገር እውነት ከሆነ ይህን ልጅ ነፃ የሚያወጣው ነገር የቀረውን ብቸኛ መጽናኛ ይነጥቀዋል። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ቆመች። ሥራዋን የጠላችበት ጊዜ ቢኖር ያን ጠዋት ነው።

ከጣቢያው በቀጥታ የሄደችው እማማ ሸጋ ዘንድ ነው። እማማ ሸጋ ድምፃቸው ከወጣ ወዲህ ከደጃቸው ወጥተው አያውቁም። በልጅነታቸው ወልደው ለሰው ስለሰጡት ልጅ ነበር የተናገሩት፤ ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ እዚያው ቀበሌ ይኖራል፣ እናቱ እሳቸው መሆናቸውን ከስልክ ነው የሰማው።

«ያን ቀን ማይኩን የያዘው ማን ነበር፣ እማማ?»

«ያ አዲሱ ልጅ ነው፤ ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ። ደርበው ያኔ ዳንግላ ሄዷል። ይኼንኑ ለፀጋው ማክሰኞ ማታ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነገርኩት። ግንባሩን መታ። ‹ይኼ ድምፅ ገና ወደ ኮምፒዩተሩ አልተገለበጠም! ያለው ያ የሚቀርጸው ልጅ መቅረጫ ላይ ብቻ ነው፤ ልጄን ደርበውን በከንቱ በደልኩት› አለ። ለዚያ ለአዲሱ ልጅ እዚሁ ሆኖ ደወለለት፣ ‹ነገ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ፊት እውነቱን ታወጣለህ› አለው።» አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀጥሎ የተናገሩትን ደጊቱ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም እዚያችው መስኮት የሌላት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤዛዊት ግድግዳውን ተደግፋለች፤ መሳፍንት ስልኮቹን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ደርበው ካቴናው እንዳለ ከይሄነው ጋር ነው። የአቶ ፀጋው ወንበር ባዶ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ብርድ ልብሱ ግን ድምፁን ስለሚውጠው ሩቅ ቦታ የሚዘንብ ይመስላል።

«ነገሩን ከማዳመጫው እንጀምር» አለች ደጊቱ። «መልእክቱ ‹ደርበው እየጮኸብኝ ነው፣ ፈርቻለሁ› ይላል። እንግዲህ አስቡት። የሚፈሩት ሰው ፊታቸው ቆሞ ይጮሃል። አቶ ፀጋው ለቤዛዊት መልእክት ይጽፋሉ። ከዚያ ስልኩን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ አገልግሉ ውስጥ ይከታሉ፣ ጠፍሩን ያስራሉ፣ ምስማሩ ላይ ይሰቅላሉ። ተመልሰው ቁጭ ይላሉ፣ ጀርባቸውን ለሚፈሩት ሰው ይሰጣሉ፣ ማዳመጫቸውን ያጠልቃሉ። ይኼ ይሆናል?»

«አይሆንም!» አለች ቤዛዊት። «አይሆንም! እንዴት አላሰብኩትም?»

«ሁላችንም አላሰብነውም፤ መልእክቱ አስደንግጦናል። መልእክቱን አቶ ፀጋው አልጻፉትም። ሐኪሙ መጀመሪያ እንደጠረጠረው የሞቱት ጠዋት ነው፣ ሥራቸው ላይ እንዳሉ። ታዲያ ስልኩ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበር? ረቡዕ ዕለት ከቨሩ ረጥቧል፣ የተጠቀለለበት ጨርቅም ረጥቧል። ጣሪያው ግን አያፈስም። ስልኩ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ዝናብ ውስጥ ተመልሷል። ይዞት የወጣው ሰው መልሶ የከተተው ሁላችሁም ስትገቡ ነው። አገልግሉን ቀድሞ የነካው ማን ነው?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩ።

«እኔ ስልኩን ያወጣሁት ለመርዳት ነው!» አለ መሳፍንት። «ሰው ይረዳል አይደል እንዴ?»

«ይረዳል። አሁን ስድስት ሰዓትን እንየው። ገዳዩ የአቶ ፀጋውን ልማድ አጥንቷል፤ ስልኩ የሚወርድበትን ሰዓት ጠብቆ ነው የላከው፣ ማንም እንዳይጠረጥር። ግን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ስልኩ የሚወርደው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እትዬ ያለምወርቅ ይህን ያውቃሉ። ቤዛዊት ሁለት ሁዳዴ አብራቸው ሠርታለች። ደርበው እዚሁ ነው ያደገው። ከእነዚህ አንዱ ቢሆን ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቅ ነበር። አቶ ፀጋውን ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ብቻ የሚያውቃቸው ግን አንድ ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ስለዚህ ረቡዕም ዓርብም ስልኩ ስድስት ሰዓት ሲወርድ ነው ያየው። የተገደሉበት ረቡዕ ሃምሳው ካለቀ የመጀመሪያው ነበር።»

«ጾሙንማ እኔም አውቃለሁ!» ጮኸ መሳፍንት። «ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?»

«ጾሙን ታውቃለህ። ስልኩ እንደሚጾም ግን አታውቅም። አንተው ነህ የነገርከኝ፣ ‹ሰኞ ይበሉ ረቡዕ› ብለህ።»

መሳፍንት ከስልኮቹ አንዱን ከፍ አደረገ። «በዚያ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። የቀጥታ ስርጭቱ አለ። ሺህ ሰው አይቶኛል!»

«እኔም አየሁህ። ደጋግሜ አየሁህ።» ደጊቱ የራሷን ስልክ አውጥታ ቪዲዮውን ከፈተችና ለቤዛዊት ሰጠቻት። «አንድ ስልክ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ይቀርጽሃል፤ ያ የራስህ ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወጣቶቹን ሥራ ሰጥተህ ጥግ ላይ ትቀመጣለህ፣ ከኪስህ ስልክ አውጥተህ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ትጽፍበታለህ። አንተ ስልክ ስትነካካ ማን ልብ ይላል? ቤዛዊት፣ ከቨሩን አየሽው?»

«ቀይ ቆዳ» አለች ቤዛዊት። «በነጭ ክር የተሰፋ። የጋሽ ፀጋው ነው።»

«ሁለት ስልክ ነው ያለህ፣ መሳፍንት። ቪዲዮው ላይ ሦስት ናቸው።»

መሳፍንት ወደ በሩ ዞረ። ይሄነው ቀድሞት ቆሟል። ያኔ ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰነጠቀ።

«ሊያዋርዱኝ ነበር!» አለ። «አንድ ቪዲዮ ነው ያወጣሁት፣ አንድ! ሽማግሌ ሰብስበው ስሜን ሊያጠፉ! ስንት ዓመት የደከምኩበትን! ጠዋት ልለምናቸው ነው የመጣሁት። ጠራኋቸው፣ አልሰሙኝም። እንደሌለሁ… ማዳመጫቸውን አድርገው ዝም!»

«አልሰማህም እኮ!» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ከበርጩማቸው ተነሥተው። «ወንድሜ አልሰማህም!»

ካቴናው ከደርበው እጅ ተፈትቶ መሳፍንት እጅ ላይ ገባ። ደርበው ግን አልተንቀሳቀሰም። የእጁን አንጓ እንኳ አላሸም። ዓይኑ መሳፍንት ላይ ተተክሏል።

«ጆሮው ላይ አደረገው ነው ያልሽው?» አለ ለደጊቱ፤ እስካሁን በአክብሮት ሲያናግራት የነበረው ልጅ አንቱታውን ረሳው። «ስድስት ሰዓት ላይ? መልእክቴን የሰማው…»

ደርበው ወደ መሳፍንት አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ሰማኸው?»

«ምን እንደሚል ለማወቅ ከፈትኩት» አለ መሳፍንት፣ ወለሉን እያየ። «በአገውኛ ነው። ምንም አልገባኝም።»

ይሄነው ይዞት ወጣ። መኪናው ሲነሣ እንኳ ክፍሏ ውስጥ አልተሰማም። ደርበው ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያላለቀሰውን። ነፃ ወጥቷል፤ ግን ነፃነቱ ምን ያደርግለታል? እናቱ አጠገቡ ተንበርክከው ራሱን አቀፉት።

ደጊቱ ብትሄድ ደስ ባላት። ግን የያዘችው አንድ ቃል ነበር፣ ልትሰጠው የሚገባ። በአገውኛ ጀመረችው።

«ደርበው፣ ስማኝ። አጎትህ ማክሰኞ ማታ እማማ ሸጋ ዘንድ ነበር። ድምፁን እንዳላወጣህ አውቆ ነው ያደረው። ለእሳቸው ያላቸውን ልንገርህ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ። ‹ዛሬ በዚህ ንዴት አልደውልለትም፤ ነገ ረቡዕ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬን እንዳወረድኩ ለልጄ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ› ነው ያለው።»

ደርበው ቀና አለ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ።

ቤዛዊት ስልኳን አየች። «ዘጠኝ አልፏል።»

ደርበው ተነሥቶ ባዶውን አገልግል ከምስማሩ አወረደ። ጠፍሩን ፈታ፣ ክዳኑን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ፣ አጎቱ ያስቀምጡበት በነበረው ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞረና ያን የይቅርታ መልእክት ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በአገውኛ ተናገረው። ደጊቱ ሁሉም ስለሚገባት በሩን ቀስ ብላ ዘግታባቸው ወጣች፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይጠራ ነበር፣ አላነሣችውም።